ከመስቀል በፊት የሚወጣው አውቶቡስ

ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ሱቅ ያለው ሰው ሳይፈልግ ብዙ ነገር ያያል። እኔ ሂሻም እባላለሁ። ባልዲ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ብርድ ልብስና የስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ። የተወለድኩት ስልጤ ነው፤ ፀጉሬ የሸበተው ግን አርባ ምንጭ ነው።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መናኸሪያው ሁለት ዓይነት ተማሪ ያስተናግዳል። አንደኛው ከየአገሩ ተመድቦ ወደ ውሃ ኢንስቲትዩቱ የሚመጣው ነው፤ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሙቀቱ ፊቱን ይለበልበውና እናቱ ያለበሰችውን ሹራብ የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ሁለተኛው ከዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው የጋሞ ልጅ ነው። ለመጪው ባልዲ እሸጣለሁ፣ ለሂያጁ ብርድ ልብስ። ለሁለቱም ምክር የሚሰጠው ግን ደግነት ዳልጮ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደኔ ነጋዴ አይደለምና በነፃ ነው የሚሰጠው።

ደግነት ትኬት ቆራጭ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከአንገቱ ላይ ፎጣ የማይጠፋ ሰው። ትኬት ሊቆርጥ የመጣ ተማሪ ካየ ሰልፉን በሙሉ ያቆመዋል። «አዲስ ነህ?» ይለዋል። ልጁ አዎ ካለ አለቀ፤ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢያንጫርር ጆሮ የለውም። «ሳጥንህን አናት ላይ ሲጭኑት ቆመህ እይ፣ ገመዱን ራስህ ሳበው። ያላወቅኸውን ጠይቅ፤ ሽንት ቤቱ የት ነው ማለት አፍሮ ቀኑን ሙሉ ሲንቆራጠጥ የዋለ ልጅ አውቃለሁ። ከአገርህ ልጅ ጋር ብቻ ተጣብቀህ አትክረም፣ ቋንቋህን የማይሰማ አንድ ጓደኛ አብጅ። ካመመህ አሞኛል በል፤ ፊትህን አይታ የምታውቅልህ እናትህ እዚያ የለችም። መምህሩ ሲፈጥን ያልገባህ አንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሌላውም ዝም ያለው አፍሮ ነው።»

«የተማርክ ትመስላለህ እኮ» እለው ነበር ላበሽቀው።

«ትኬት ነው የተማርኩት» ይለኛል፣ ቀና ሳይል።

ለጋሞ ልጅ ሲሆን ደግሞ አንዲት ተጨማሪ ምክር ነበረችው። እሷን ሲናገር ድምፁ ይወፍራል፣ ፊቱም ይጠቁራል። «ከመስቀል በፊት ውጣ።» በቃ፣ ይቺው ናት።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ቀላል ምክር ትመስላለች። ጋሞ ግን መስቀልን እንደሌላው አገር አንድ ምሽት ደመራ ለኩሶ፣ በማግስቱ በልቶ ጠጥቶ አይተወውም። ዓመቱ የሚኖረው ለእሱ ነው። ወንዶቹ ለበሬው ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ያልታረቀ ሰው ከእሳቱ አጠገብ መቆም ይከብደዋል። ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የከረመው ሁሉ ወደ አገሩ ይጎርፋል። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ጢም ብሎ ይገባና ባዶውን ይመለሳል። ሾፌሮቹ «ወንበር ጭነን ሄድን» እያሉ ይስቃሉ። ለመስቀል ያልገባ የጋሞ ሰው ካለ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ተብሎ ነው የሚጠየቅለት።

ኮሌጆቹ ደግሞ ይህን ከየት አውቀውት! የምዝገባቸው ቀን ብዙ ጊዜ እዚያው መስቀል አካባቢ ይወድቃል። እናም ደግነት «ከመስቀል በፊት ውጣ» ባለ ቁጥር ከልጁ ጋር የመጣው አባት ዓይኑ ይቀላል። አንዴ ከጨንቻ የወረደ አንድ ጎልማሳ «ሰውዬ፣ አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?» ብሎ ሲጮህበት ሰምቻለሁ። «ነኝ» አለ ደግነት፣ «ትኬቱ ግን ለነገ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከአባቶቹ ጋር ነበርኩ። እኛም ስልጤዎች አረፋ ሲመጣ ሱቅ ዘግተን አገር ቤት ካልገባን ያመናል። የሰውን ልጅ ከበዓሉ ነጥሎ ባዶ አውቶቡስ ላይ መጫን ጭካኔ ይመስለኝ ነበር፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን የአባያ ዓሣ ጥብስ አብረን ስንበላ አሁንም ይህንኑ አንስቼ ነዘነዝኩት። እጁን ታጠበና የራሱን ታሪክ አወራኝ።

በደርግ ዘመን ማትሪክ አልፎ አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ተጠርቶ ነበር። አባቱ አቶ ዳልጮ ደጋው ላይ፣ ከካምባ በላይ ባለው ቀበሌ የታወቁ ሰው ናቸው። «መስቀል ሳይበላ ልጄ ከቤቴ አይወጣም» አሉ። «በአባቴ ብቻ አላሳብብም፤ እኔም መቅረት አልፈለግኩም» አለኝ ደግነት። «በላሁ፣ ጨፈርኩ፣ አባቴ አናቴን ቅቤ ቀብቶ መርቆ ሸኘኝ። ስደርስ ምዝገባው ተዘግቷል። መዝጋቢው ሰውዬ ፀጉሬን አየና ፈገግ አለ፤ ቅቤው ገና አልደረቀም ነበር። ለከርሞ ተመለስ አሉኝ። ለከርሞ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።»

«አባትህ ምን አሉ?»

«ሳጥኔን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ከሩቅ አዩኝና ሮጠው መጡ። እቅፍ አድርገው፣ 'አባትህን ጥለህ መሄድ አልሆንልህ አለ፣ አይደል?' አሉኝ።»

«አንተስ?»

«አዎ አልኳቸው።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ዳልጮ ይህን ነገር ለአገሩ ሁሉ ሲያወሩ ኖሩ። በየመስቀሉ እሳቱ ዙሪያ የሌላው ሰው ልጅ ጥሎ እንደሄደ ሲነሳ፣ እሳቸው ቀና ብለው «የኔ ልጅ ኮሌጅ ተጠርቶ እኔን መረጠ» ይላሉ። ደግነት በየዓመቱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይሰማል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አንድ ዓመትም አልቆይም፤ ሆዴ ይነፋል። እሱ ግን አባቱ ደስ ካላቸው ምን ቸገረኝ ብሎ ልጅ ወለደ፣ ልጅ አሳደገ።

ያቺ ልጅ ዓለምጸሐይ ናት። በሰማንያ ስምንት ማትሪክ ተፈትና ጥሩ ውጤት አመጣች፤ ሰማንያ ዘጠኝ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ስሟ ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ ሩቅ ሰሜን ባለ አንድ ኮሌጅ ወጣ። ምዝገባው የመስቀል ማግስት መሆኑ በሬዲዮ ተነገረ። መንገዱ በየከተማው እየታደረ የሚኬድ ነው። ስለዚህ ከመስቀል በፊት ካልወጣች አትደርስም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዓለምጸሐይ ሁለቱንም ትፈልግ ነበር። ኮሌጁንም፣ አያቷንም። አቶ ዳልጮ በየክረምቱ ካምባ ወስደው ያሳደጓት ልጅ ናት፤ አያቷ ካሉት ውጪ መሆን አይሆንላትም። «አባዬ፣ ትንሽ ብዘገይ ይቀበሉኛል» አለችው ለአባቷ፣ እዚሁ ሱቄ በር ላይ ቆማ። እኔም ነገረኛው ጣልቃ ገባሁ፤ «አንድ ሁለት ቀን ብትዘገይ ማን ይበላታል?» አልኩ። ደግነት ገልመጥ አድርጎኝ ሄደ።

አቶ ዳልጮ ለመስቀል ሊወስዷት ራሳቸው ከካምባ ወረዱ። አይሱዙ ላይ ጆንያ መሃል ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው ነው የደረሱት፤ እጅና ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወደ ሱቄ መጡ። አማርኛቸው እንደ ብዙው የደጋ ሰው ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አይለይም፣ ግን ይግባባል።

«ሂሻም፣ ብርድ ልብስ ወፍራም የሆነች አምጣ። ልጅቷ ብርድ አገር ይሄዳል።»

ይኸው፤ ሽማግሌው ኮሌጁን አልጠሉም። ልጅቷ እንድትማር ይፈልጋሉ፣ እንዲበርዳትም አይፈልጉም። መስቀል በልታ፣ አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ ተመርቃ ትሂድ ነው ያሉት። ከዚህ ምን ክፉ ነገር ይወጣል? ብርድ ልብሱን እያገላበጡ ሲያዩ ደግነት ገባ። ዓለምጸሐይም ከኋላው።

አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በጋሞኛ ነው። እኔ ከዓመታት ብዛት እሰማለሁ።

«አባ፣ ከነገ ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ ትሄዳለች» አለ ደግነት።

«ከመስቀል በኋላ።»

«ከመስቀል በኋላ ከሆነ አትሄድም ማለት ነው።»

«አንተ መስቀል በልተህ አልነበር የሄድከው?» አሉ ሽማግሌው፣ እየሳቁ። «ማን ከለከለህ? ወደህ ነው እኔ ጋ የተመለስከው። እሷ ደግሞ አትመለስም፣ ትማራለች።»

ደግነት ሴት ልጁን አያት። ወደ ውጪ ወጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እወጣ ነበር። እሱ ግን የአንገቱን ፎጣ አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«አባ፣ ወድጄ አልተመለስኩም። ስደርስ ምዝገባው አልቆ ነበር። መስቀል በልቼ በመምጣቴ አልተቀበሉኝም።»

የሽማግሌው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው ከፊታቸው የወረደው። «እኔ ጠይቄህ ነበር። ዳገቱ ላይ። አዎ አልከኝ።»

«አዎ አልኩህ።»

«ለምን?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

በሕይወቴ ሱቄ ውስጥ ብዙ ጠብ አይቻለሁ፤ ሰው ተሰድቧል፣ ሚዛን ተወርውሯል። እንደዚያን ቀን ግን የምገባበት ጠፍቶኝ አያውቅም። አቶ ዳልጮ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ዓለምጸሐይ «አያቴ» ብላ እጃቸውን ልትይዝ ሄደች። አንገቷን ዳሰስ አደረጉና ወጡ። የመጡበት አይሱዙ ገና አልተነሳም ነበር። ተመልሰው ጆንያው ላይ ወጡ። አልመረቋትም። የአገሩ ሽማግሌ መንገደኛ ልጁን ሳይመርቅ ሄደ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች፤ እዚያው በር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከነገ ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ትኬቷን አባቷ ቆረጠ። እናቷ አበራሽ «ልጄን በመስቀል ሳምንት እንደ ወንጀለኛ ከአገር ታስወጣታለህ» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ብርድ ልብሱን እኔ ነኝ በመስኮት ያቀበልኳት። ሌላውን ተማሪ ሁሉ ሰልፍ አስቁሞ የሚመክረው ሰው ለራሱ ልጅ አንድ ቃል አልወጣው አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሁለት ወታደሮችና አንዲት ነጋዴ ብቻ ነበሩ። ሲንቀሳቀስ ደግነት ጎን ለጎን ትንሽ ሮጠና ቆመ።

አሁን የምነግራችሁን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የደመራው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቄን ልዘጋ ስል ሬዲዮው የኮሌጁን ስም ጠራ። የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ምዝገባ ወደ መስከረም መጨረሻ መዛወሩን ገለጸ። ይቅርታም ጠየቀ። ሬዲዮውን አንስቼ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ። ልጅቷ መስቀሏን በልታ፣ ተመርቃ፣ ተኝታ ተነስታ ትደርስ ነበር። ሽማግሌውም የኖሩበትን ነገር ይዘው ይቀመጡ ነበር። በዚያ ሰዓት መናኸሪያው ዙሪያ ያለው ሬዲዮ ሁሉ ክፍት ነው፤ ደግነትም ሰምቷል። ስወጣ ባዶው የትኬት መስኮት ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ማን ይበላታል» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔን ሳስበው ግን ምንም ደስ አላለኝም።

«ወደ ካምባ አትወጣም?» አልኩት። አበራሽ ታናናሾቹን ልጆች ይዛ ቀድማ ሄዳለች።

«ምን ፊት ይዤ? እሳቱ ጋ ቁጭ ብለው ዘንድሮ ምን ብለው ያወራሉ?» አለኝ። «የነበራቸውን ወሰድኩባቸው ሂሻም። ያውም ለከንቱ።»

ያን ዓመት ደግነት መስቀልን ሲቀላ ዋለ፤ ጎረቤቶቹ አሞታል አሉ።

በማግስቱ ዓለምጸሐይ ሱቄ ስልክ ላይ ደወለች። አባቷን ጠራሁላት። መስመሩ ስለሚጮህ እሷም ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ ድምጿ ለእኔም ይሰማል። በደህና ደርሳለች። ግቢው ጭር ብሏል፤ ከሩቅ አገር ቀድመው ከመጡ ጥቂት ልጆች ጋር አንድ መኝታ ክፍል ሰጥተዋቸዋል። አንዷ ቦንቱ የምትባል የወለጋ ልጅ ናት፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው አደሩ። እዚያ አገር ደመራው የሚለኮሰው በጠዋት መሆኑን እየገረማት ነገረችው። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

«አባዬ፣ መቆየት እችል ነበር፣ አይደል?»

«ትችዪ ነበር። እኔ አላወቅኩም።»

«አያቴ ተቆጥቷል?»

ደግነት አፉን ከፈተ። «አይ፣ ደህና ነው» ሊላት እንደሆነ ከፊቱ አየሁ፤ ያችው የዳገቱ ላይ «አዎ» ልትወጣ ምላሱ ጫፍ ደርሳለች። ዋጣት። «አላውቅም ልጄ» አላት። «ከዚያን ቀን ወዲህ አላየሁትም።»

አቶ ዳልጮ የመጡት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። መስቀሉ ደጋው ላይ ገና አላለቀም ነበር፤ ከዚያ የሚወርዱት ሰዎች ጠረናቸው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ጠዋት ከካምባው አይሱዙ ላይ ሲወርዱ አየኋቸው። የሬዲዮው ወሬ ካምባ መድረሱ አይቀርም። ሊሰድቡት ነው የመጡት ብዬ ሮጬ ትኬት መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሰው ሲሰደብ ማየት አልወድም፤ ጓደኛዬ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

«ዮ ማስቃላ» አሉ ሽማግሌው። የመስቀል ሰላምታቸው ነው።

ደግነት ከመስኮቱ ወጥቶ ጎንበስ አለ። «ዮ ማስቃላ፣ አባ። ሬዲዮውን ሰምተሃል። ተሳስቻለሁ። ልጅቷ መቆየት ትችል ነበር።»

«እሱን ተወው» አሉ። «ምዝገባው በቀኑ ቢሆን ኖሮስ? በሬዲዮ ሰውዬ ወሬ ልጄን አስይዤ ልቆምር?» አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከትከሻቸው ያወረዱትን ከረጢት ከጎናቸው አደረጉት። «ከበሬው ሥጋ ድርሻዋን አድርቄላታለሁ፤ ለሾፌር ትሰጥልኛለህ። የመጣሁት ግን ለዚህ አይደለም።»

ቆምን። እኔም ሄድ ማለት ሲገባኝ አልሄድኩም።

«ዘንድሮ እሳቱ ጋ ሰዎቹ ጠበቁኝ» አሉ። «የልጅህን ነገር አውራ አሉኝ። ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ያን ጊዜ ዳገቱ ላይ ሳጥንህን ተሸክመህ ሳይህ፣ ልጄ ምን ሆነ ብዬ አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ። ፊትህን እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ አውቅ ነበር። እግዚአብሔርን አመሰገንኩት። ከዚያ ጀምሮ በዚያ ደስታ ነው የኖርኩት፤ እርጅናም አልከበደኝ። አሁን ያ ደስታ ካንተ የወሰድኩት ነገር ከሆነ፣ እኔ ሽማግሌው እንዴት አድርጌ ነው የምመልስልህ?»

   ደግነት ከአባቱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ረጅም ሰው ስለሆነ ጉልበቱ ከፍ ብሎ እንደ ልጅ አስመሰለው። ሽማግሌው እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው መመረቅ ጀመሩ፤ ያን ቀን ለዓለምጸሐይ ያስቀሩትን ምርቃት ሁሉ፣ ስሟን እየጠሩ፣ በእሱ አናት ላይ መረቋት። እሱ አሜን ይላል፣ እኔም አሜን አልኩ።

ሲጨርሱ ደግነት የትኬት ጥራዙን ለባልደረባው ሰጠ። የልጅቷን ድርሻ እኔ ሱቅ አስቀመጠና የአባቱን ባዶ ከረጢት በትከሻው አንግቶ፣ ሁለቱም ወደ ካምባው አይሱዙ ሄዱ። ሽማግሌውን ደግፎ አወጣቸውና ራሱም ወጣ። ረዳቱ «ደግነት፣ ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» ብሎ ሲጮህበት ሰማሁ።

«አባቴ ቤት ነኝ» አለው።